ግመል ቆሞ ሲጫን

ሠላሳ አንድ ዓመት ፉርጎ አያያዝሁ፣ ከለገሃር እስከ ደወሌ፤
ስሜም ደምረው ነው፣ እንደ ሥራዬ፣ እንደ ዕድሌ።
የግራ ሌባ ጣቴ ከአንጓው በላይ የለም፤
ባቡር ሳይቆም እጁን ለሰደደ፣ ብረት ምሕረት አያውቅም፣ ዘላለም።
ከዚያ ወዲህ የማውቀው ሕግ አንድ ነው፦
ሊጋጠም ያለ ይቁም። የቆመ ነው የሚታመነው።
የአሸዋ ሜዳው ግመል ነጂም፣ እንጨቱን አስሮ ሸክፎ፣
«ሳይንበረከክ የጫንኸው» ይላል፣ «ይሄዳል ሁሉን አራግፎ።»

ዛሬ የሌሊት ዘበኛ ነኝ፤ ከዚራ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣
ዴቃ ከምትሠራበት ክፍል በር።
ውስጥ፣ ዓይኑን የማይከድን ሣጥን አለ፣
ደንገጎ ላይ የወረደውን ሲለካ የከረመ፤
ደቻቱን አውቀዋለሁ፤ በዚያ ሌሊት ስንቱን ከነአልጋው ለቀመ።

ወንዝ ነው ሲሉህ፣ ሂድና እየው በቀን፤
አሸዋ ነው። ፍየል ነው። የሽንኩርት ጆንያ ነው፣ ድንኳን።
ስሙ አለ፣ ውኃው የለም።
«ያልታሰረ ስም ነው» ትላለች ዴቃ፣ «እኛም ዘንድ ብርቅ አይደለም፤
ስሙን ጽፈን እናስቀምጣለን፤ ትርጉሙ እየሮጥን ይደርሳል።»
«ሳይታሰር ፍቺ?» ብላት፣ ሳቋ ከመስኮት ወጥቶ ሰፈሩን ያዳርሳል።

ነሐሴ። ከሌሊቱ ስድስት። ደንገጎ ላይ መብረቅ።
ተራራው ላይ ያለው መለኪያ ትናንት ተቀይሯል፤
አዲሱ በሌላ ቋንቋ ነው የሚናገር፤
ሣጥኑ ሰምቶ አልሰማም፤
«ይህን ስም አላውቀውም» ይላል፣ በቀይ መስመር።

«አጥፍተሽ አስነሽው» አልኳት። የማውቀው ይኸው ነው፣ ማቆም።
«አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል ጋሽ ደምረው፤
ከምሽት ጀምሮ የቆጠረውንም ይረሳዋል።
አሥራ አንድ ደቂቃ ደግሞ ለደቻቱ…» ብላ ተወችው።
ቀሪውን እኔ አውቀዋለሁ። እሷ ያኔ የእናቷ ጀርባ ላይ ነበረች።

ጻፈች። ስኪም ይሉታል ቋንቋውን፤
ቅንፍ በቅንፍ ነው፤ እንደ ፉርጎ መንጠቆ፣
አንዱ ሲከፍት ሌላው ሲዘጋ፣ ጎን ለጎን።
አዲሱን መለኪያ የሚያስተረጉም ላይብረሪ ነው አለችኝ፣
አርባ መስመር የማይሞላ።
«ቤተ መጻሕፍት?»
«አዎ፤ መደርደሪያ የሌለው። አሁን፣ ሣጥኑ እየሮጠ ሳለ፣ እጭነዋለሁ።»
የሌለው ጣቴ አመመኝ።

መጀመሪያ እምቢ አለ። በጠቆመችው መንገድ ፋይሉ አልተገኘም፤
አንድ ፊደል ነበር የጎደለው።
ፊደሏን መለሰች። ጫነች።
ጭጭ።
እኔ ጆሮዬን የብረት ግጭት ለምዶበታል፣ ጠበቅሁ፤
አልቆመም፣ አልተንገዳገደም፤ በሩጫው ላይ ፉርጎውን ቀጠለ፤
እንኳን መንጓጓት፣ የመንጠቆ ትንፋሽ የለ።
ያ ያላወቀው ስም ድንገት ታሰረ፤
ቁጥሩም መጣ፦ አንድ ሜትር ከሠላሳ፣ አንድ ከሃምሳ፣ እየጨመረ።

ሳይረኑ ጮኸ።
አሸዋ ሜዳ ባትሪ በባትሪ ሆነ፤
ሰው ጆንያውን በጀርባው፣ ልጁን በክንዱ።
አንዱን ግመል እንደቆመ ነው የጫኑት፤
ለመንበርከክ ማን ጊዜ ሰጥቶት።
ሄደ። አንዲት ፍልጥ አላራገፈም።

ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ደቻቱ ስሙን ሞልቶ መጣ፤
ደረት ድረስ ነበር።
ሁለት ጋሪና የአንዲት ሴት የቲማቲም ሣጥኖች ወሰደ።
ሰው አልወሰደም።
ጠዋት ያቺው ሴት በሩ ላይ ቆማ፣ ስለ ቲማቲሟ ጮኸችብኝ፤
«ቀስ በይ፣ ልጅቷ ተኝታለች» አልኳት።

ዴቃ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች፣ ሻይዋ አጠገቧ ደርቆ፤
ሣጥኑ ይሮጣል።
ጣቶቼን ቆጠርኋቸው።
ዘጠኝ ተኩል።
ሁሉም አሉ።